የጠፋው በልግ

ፍስሐ ሙሚናን ያገኛት ዝናብ ሲፈልግ ነው።

በ1975 ዓ.ም. በጥር ወር፣ በሚሠራበት የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት አለቃው አንድ ሥራ ሰጡት። ከሐይቅ ከተማ ወዲያ ሰኞ ገበያ የምትባል የወሎ መንደር ነበረች። እዚያ የዝናብ መለኪያ ከተተከለ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ነገር ግን ለኪው ሲታመም፣ አገሩም ሲረበሽ፣ መዝገቡ መሐል መሐል ላይ ባዶ ቀርቷል። ፍስሐ የየዓመቱን የበልግና የክረምት ዝናብ ደምሮ ወዴት እያዘነበለ እንደሆነ ማጥናት ነበረበት። ባዶውን ዓመት በምን ይሙላው? የሥራ ባልደረባው ሳቀበትና «እህል በረንዳ ሂድ» አለው። «የዚያ አገር ሰው መርካቶ ሞልቶልሃል። እህል የገባበትንና ያልገባበትን ዓመት እነሱ አይረሱትም።»

የጠቆሙት መጋዘን የሐጂ በሽር ነበር። ሐጂ ከሰኞ ገበያ በልጅነታቸው የወጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሰው ሲያናግራቸው የያዙትን ሥራ አስቀምጠው የሚያዳምጡ ሽማግሌ ናቸው። አጠገባቸው ልጃቸው ሙሚና ቆማለች፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ኮሌጅ ስላልመጣላት አባቷን ታግዛለች።

«ሐጂ፣ በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት በልጉ እንዴት ነበር?» አለ ፍስሐ፣ እርሳሱን አዘጋጅቶ።

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ስድሳ ሦስት… እንግዲህ…»

«እኔ ቁርአን ቤት የገባሁበት ነው፣ አባባ» አለች ሙሚና። «አጎቴ ሐምዱ ከሰኞ ገበያ ለእኔ ብሎ አዲስ የበልግ ገብስ የላከልን። እናቴ ቆልታ በኪሴ ሙሉ ጨመረችልኝ፤ ኡስታዙ ሁሉንም በሉብኝ።»

ሐጂ ሳቁ። ፍስሐም እየሳቀ «እንግዲያስ ዘንቧል» አለና ጻፈ። ቀና ሲል ዓይኗ ዓይኑ ላይ ነበር። እሷ ቶሎ ሻሿን አስተካከለች፤ እሱ ግን ቀጥሎ ሊጠይቅ የነበረውን ዓመት ረሳው።

ከዚያ በኋላ ደጋግሞ መጣ። ባዶዎቹ ዓመታት ሁሉ ከሞሉ በኋላም መጣ። «ዛሬ ደግሞ የትኛው ዓመት ጠፋብህ?» ትለዋለች፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እየያዘች። ሐጂ «የዝናቡ ልጅ» ብለው ስም አወጡለት፤ ሻይ ያስመጡለታል፣ ስለ አገራቸው ያጫውቱታል። እንግዳነቱን ወደዱት። ከእንግዳነት ያለፈ ነገር ግን እንዴት ይታሰባል? እሱ የደብረ ብርሃን ዲያቆን ልጅ፣ እሷ የሐጂ በሽር አንድያ ሴት ልጅ። ሁለቱም ያውቁታል። አብነት ሰፈር ድረስ ሲሸኛት በሰው ግፊያ መሐል ትከሻቸው ሲነካካ፣ «ለእናቴ እነግራታለሁ» ይላታል። «መቼ?» ትለዋለች። «ለፋሲካ ስሄድ።» ፋሲካ መጥቶ ሄደ። ፍስሐ ደብረ ብርሃን ደርሶ ተመለሰ፤ አፉ ግን ሳይከፈት ቀረ። ሙሚና አልወቀሰችውም። ያን ቀን ከአጠገቡ ትንሽ ራቅ ብላ ተራመደች፤ እሱም ያቺን ትንሽ ርቀት ሌሊቱን ሙሉ ሲያስባት አደረ።

*

በቀጣዩ ዓመት በመጋቢት፣ ሲኒማ ራስ አጠገብ ካለች ኬክ ቤት ተቀምጠው፣ ፍስሐ ከቦርሳው አንድ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋላት። በላዩ ላይ ብዙ ነጥቦች ነበሩ፤ በነጥቦቹ መሐል አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያልፋል።

«ምንድነው?»

«የሰኞ ገበያ በልግ። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ዓመት ነው።»

ሙሚና ጣቷን በመስመሩ ላይ አስኬደችው። «ወደ ታች ይወርዳል» አለች።

«አዎ። አንድ ዓመት ቢደርቅ በሚቀጥለው ይካካሳል። ይሄ ግን ቀስ እያለ ነው የሚሸሸው። በፊት ጥር መጨረሻ ላይ ይጀምር የነበረው አሁን መጋቢትን ይጠብቃል፤ መጥቶም ሳይቆይ ይሄዳል። የሰኞ ገበያ ብቻ መስሎኝ የጎረቤት ጣቢያዎችን አየሁ። እነሱም ያው ናቸው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘንድሮ ደግሞ እስካሁን ምንም የለም፣ ሙሚና። በልጉ ጠፍቷል። ክረምቱም ካልያዘ…»

የስድሳ ስድስቱን ረሃብ ሁለቱም ያስታውሳሉ፤ ያኔ ሙሚና ከወሎ የመጡ ሰዎች በመርካቶ በረንዳዎች ላይ ወድቀው አይታለች።

«አጎቴ ሐምዱ ቤቱ በልጅ የተሞላ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ትንሿ ጠሂራ ገና መዳህዋ ነው።»

ፍስሐ ወረቀቱን ቶሎ አጠፈው። «ስሚኝ። ይሄን ለማንም እንዳትናገሪ። ጥናቱ ገና አልተፈረመበትም፤ ለበላይ አልደረሰም። ከእኔ አፍ ወጣ ከተባለ ሕዝብ የሚያሸብር ወሬ ነዛ ነው የሚሉኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። በቀይ ሽብር ጊዜ ጎረቤቶቿ ከቤት ተጠርተው ወጥተው አልተመለሱም። ፊቱን አየችው፤ የሚፈራ ሰው ፊት ነበር። እጁን በጠረጴዛው ሥር ያዘችው። «ቃሌ ነው» አለችው። እጇ ግን ቀዝቅዞ ነበር፤ ፍስሐ ይህን የፍቅር ድንጋጤ አድርጎ ወሰደው።

ቤቷ ገብታ ማዕድ ሲቀርብ መብላት አቃታት። በሚቀጥለውም ቀን፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። ጉርሻውን ወደ አፏ ስታደርስ የሐምዱ ልጆች በሩ ላይ ቆመው የሚያይዋት ይመስላታል። አባቷ አስተዋሉ። ከአስር ሶላት በኋላ ለብቻዋ ጠርተው «ልጄ፣ ማን ነካሽ?» ሲሏት እንባዋ ቀደማት። ነገረቻቸው። ስሙን አልጠራችም፤ መጥራትም አላስፈለጋትም።

ሐጂ እስክትጨርስ አዳመጧት። ከዚያ «እህል ወደዚያ መላክ አለብኝ» አሉ። እህል ያለ ፈቃድ ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር ማጓጓዝ በዚያ ዘመን ከባድ ጥፋት ነው፤ በየኬላው ይፈተሻል። ሽኩር የሚባል የአገራቸው ልጅ ግን ሳሙናና ጨው ወደ ደሴ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ነበረው። እህሉን ከጨው ሥር አድርጎ እንዲወስድላቸው ለመኑት፤ እሱም ሳያቅማማ ተስማማ። ሐጂ ያላቸውን ሁሉ አውጥተው እህል መግዛት ጀመሩ። መሸጥም አቆሙ።

«ሙሚና» አሏት፣ መጋዘኑን ዘግተው። «ከሦስታችንና ከሚጭነው ከጣሰው በቀር ማንም አይሰማ። ለእናትሽም፣ ለዚያም ልጅ ቢሆን እንዳትነግሪ። ሽኩር ተያዘ ማለት እዚያ ያሉት አለቁ ማለት ነው። በአላህ ማይልኝ።»

ማለች። አንዱን ቃሏን አፍርሳ ሌላ ቃል ገባች፤ ደረቷ ውስጥ ሁለቱም ተራ በተራ ይወጓት ጀመር።

*

በሚያዝያ አንድ ቀን ፍስሐ ሙሚናን ፍለጋ እህል በረንዳ ገባ። እሷን አላገኛትም። ያገኘው እስከ ቆርቆሮው ጣሪያ በጆንያ የተጠቀጠቀውን መጋዘን ነው። ተሸካሚው ጣሰው ኩንታል በጀርባው አድርጎ «ወግድ! ወግድ!» እያለ ሌላ ያስገባል። በሩ ላይ አንዲት ቸርቻሪ ባዶ ጆንያዋን እያራገፈች ትቆጣለች፤ «ሐጂ አልሸጥም አሉ! እሳቸው እንዲህ ያለ ነገር አድርገው አያውቁም። ዋጋ ሲጨምር ሊያወጡት ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው? የሆነ ነገር ሰምተዋል፣ ወላሂ ሰምተዋል።»

ፍስሐ ዞሮ ወጣ። የሰሙትን ከማን እንደሰሙት እሱ ያውቃል።

በማግስቱ ሲኒማ ራስ ፊት ለፊት አገኛት። የቀኑ ፊልም አልቆ ሰው እየወጣ ነበር። ሙሚና ከሩቅ አይታው ፊቷ በራ፤ ሲቀርብ ግን ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ለአባትሽ ነገርሽ» አላት።

አልካደችም። «ነገርኩ።»

«ቃልሽ ነበር።»

«ቃሌ ነበር። ይቅር በለኝ፣ ፍስሐ። አልቻልኩም። እንቅልፍ…»

«መጋዘኑን አይቻለሁ!» አላት፤ ሰዎች ዞር ዞር አሉ። «እኔ ሰው ይራባል ብዬ እየተንቀጠቀጥኩ ያሳየሁሽን ወረቀት እናንተ ገበያ አደረጋችሁት። ስንት ልትሸጡት ነው? ሰው በየመንገዱ እስኪወድቅ ነው የምትጠብቁት?»

የሙሚና ከንፈር ተላቀቀ። አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ አንዲት ብቻ፣ ምላሷ ላይ ነበረች። ከሰዎቹ መሐል አንድ ካኪ የለበሰ ቆሞ ያያቸዋል። ሽኩር በዚያች ሰዓት የደሴን መንገድ ይዟል።

«እንደዚህ ነኝ ብለህ ታምናለህ?» አለችው።

«ካልሆንሽ ንገሪኛ! እህሉ ለምንድነው?»

ዝም አለች። ዓይኗ ሞላ፤ ግን አላፈሰሰችውም።

«ዝምታሽ ይበቃኛል» አለ ፍስሐ። «እኔ ደግሞ ለአንቺ ብዬ ከእናቴ ጋር ልጣላ ነበር!»

ይህን ሲላት አንገቷን ቀና አደረገች። «አልተጣላህም» አለችው በዝግታ። «አንድም ቀን አልጀመርከውም።» ዞራ ሄደች። ፍስሐ ጥቁር ሻሿ ከሰው ራስ መሐል እየታየ እየጠፋ ሲሄድ ቆሞ አየ። የተናደደ መስሎት ነበር፤ ቤቱ ደርሶ ብርድ ልብሱን ሲከናነብ ግን የያዘው ንዴት እንዳልነበረ ገባው።

በሰኔ መጀመሪያ ደብዳቤ ላከችለት። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፏን አይቶ ልቡ ዘለለ፤ ከዚያ መጋዘኑ ትዝ አለው። ሳይከፍተው መለሰው።

*

ክረምቱም ዘግይቶ መጣ፤ መጥቶም ሳይረጋ ሄደ። ከጣቢያዎቹ የሚደርሱት ቁጥሮች በወረቀቱ ላይ ፍስሐ ካሰመረው መስመር በታች፣ በጣም በታች ወደቁ። ጥናቱ ተፈርሞ ለበላይ ደርሶ ነበር፤ እሱ የሚችለው እስከዚያ ድረስ ነው። ከተማው ግን ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ይቀባል፣ ቀይ ጨርቅ ይለብሳል። በመስከረም ሰልፉ አለፈ። በጥቅምት የወሎ ነገር በየሰዉ አፍ ሆነ፤ የእርዳታ አውሮፕላን ድምፅም በሰማዩ ላይ ይሰማ ጀመር።

በዚያ ወር መጨረሻ አብነት ታክሲ ሲጠብቅ አንድ ሰው «ጋሼ ፍስሐ!» ብሎ ጠራው። ተሸካሚው ጣሰው ነው። ከስቷል።

«ከሐጂ ቤት ጠፉሳ? እሳቸው ስምዎን ሳይጠሩ አይውሉም።»

«ምን ብለው ነው የሚጠሩኝ?» አለ ፍስሐ በምሬት። «እህላቸውን ተወድዶ ሸጡት?»

ጣሰው ግራ ገብቶት አየው። «የቱን እህል? አንዲት ጣሳ እዚህ አልተሸጠችም እኮ። ሁሉም ሰኞ ገበያ ነው የሄደው። እኔ ነኝ የጫንኩት፤ እህሉን ከታች፣ ጨውና ሳሙናውን ከላይ። አሁንማ ምን ይደበቃል፤ በሰኔ ሽኩር ኬላ ላይ ተያዘ። ገርፈው እጁን ሰበሩት፤ ባለቤቱ ማነው ሲሉት ‹የራሴ ነው› እንዳለ ጸና፤ አሁን ተፈትቷል። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተዘጋ።» ድምፁ ወረደ። «የሐጂ ወንድም ሐምዱና ሚስቱ በነሐሴ አረፉ። የነበራቸውን ለልጆቹ እያበሉ ነው አሉ። ሙሚና ሄዳ አመጣቻቸው፤ ሁሉም ልጆች ተርፈዋል፣ ትንሿም ጭምር። ጋሼ? ጋሼ፣ አመመዎት?»

ፍስሐ የመብራት ምሰሶውን ይዞ ነበር። ታክሲው መጣ፣ ረዳቱ ተጣራ፣ ሰው ተጋፍቶ ገባ፣ ታክሲው ሄደ። እሱ ሲኒማ ራስ ፊት ለፊት ዝም ያለችውን ልጅ ያያል፤ ዓይኗ ሞልቶ ያልፈሰሰውን።

*

መጋዘኑ ባዶ ነበር። ሐጂ በሽር ያው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ። ፍስሐ በሩ ላይ ሲቆም ብድግ አሉ።

«የዝናቡ ልጅ! ግባ፣ ግባ እንጂ።»

«ሐጂ፣ እኔ… እርስዎን…»

«ምንም አትበል» አሉና ሁለት እጁን ያዙት። «ያንተ ቃል ባይደርሰኝ የወንድሜ ዘር በሙሉ በጠፋ ነበር። አላህ ጀዛህን ይክፈልህ፣ ልጄ።»

ቢሰድቡት ይቀለው ነበር። ሐጂ ፊቱን አይተው ገባቸው። «ሙሚና ከልጆቹ ጋር መጋዘኑ ጓሮ ናት» አሉና በቀስታ ወጡ፤ በሩንም ክፍት ተዉት።

ሙሚና የልጅ ልብስ እያሰጣች ነበር። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል፣ ጉንጯ ገብቷል። ስታየው የያዘችው ትንሽ ቀሚስ ከእጇ አልወደቀም፤ ይበልጥ ጨበጠችው እንጂ።

«አሁን ነው የሰማሁት» አላት። «ጣሰው ነገረኝ። ሙሚና፣ ለምን ዝም አልሽኝ? አንዲት ቃል ብትተነፍሺልኝ ኖሮ!»

«አንድ ጊዜ ቃል አፍርሼ ነበር። ሁለተኛም ላፍርስ? የሽኩር ነፍስ ነበረች በአፌ ላይ።» ቀሚሱን አሰጣችውና ወደ እሱ ዞረች። «ለአባቴ ስለነገርኩ ብትቆጣኝ እሸከመው ነበር፣ ጥፋቴ ነው። አንተ ግን በረሃብ የምትነግድ ነሽ አልከኝ። ከአንድ ዓመት በላይ ዓይኔን እያየህ፣ እንዲህ ያለች ሰው አገኘህብኝ?»

«ደብዳቤሽንም መለስኩት» አለ፣ ራሱን እንደሚከስ። «እዚያ ላይ ጽፈሽልኝ ነበር፣ አይደል? ሁሉንም።»

«ምንም አልጻፍኩም። እንዴት እጽፋለሁ? ‹ጤናህን ንገረኝ፤ ናፍቀኸኛል› ነው የሚለው። ሌላ ቃል የለበትም።»

ፍስሐ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። «ለእናቴ ዛሬውኑ እነግራታለሁ። እስልምናሽንም… የምትይውን ሁሉ እሆናለሁ። እሰልማለሁ፣ ሙሚና።»

«ተው!» አለችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፏ ተሰበረ። «በጸጸት የሚለወጥ ሃይማኖት ላንተም ለእኔም አይሆንም። ያኔ፣ አብነት ድረስ ስትሸኘኝ፣ ስንት ቀን ጠበቅኩህ መሰለህ? መንገዱ እንዳያልቅ በዝግታ እራመድ ነበር።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሽኩር ሲፈታ አባቴ ምን ላድርግልህ አሉት። ምንም አልፈልግም አለ። ኋላ ሰው ልኮ እኔን ጠየቀ። እሺ ብያለሁ። ልጆቹንም ይዘን ደሴ እንገባለን፤ ወንድሞቼ ናቸው ብሏል። ኒካው የፊታችን ጁምዓ ነው።»

ከጓሮው በስተኋላ ልጆቹ ይጫወታሉ። አንዱ ሳቀ። ፍስሐ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«ትወጂዋለሽ?»

ሌላ ልብስ አንስታ አራገፈች። «ያምነኛል» አለች።

ፍስሐ ሊነሳ ሲል «ፍስሐ» ብላ ጠራችው፤ እንደ ድሮው፣ መጨረሻውን ሳብ አድርጋ። «መጪው በልግስ? ልጆቹ እየጠየቁኝ ነው። ይዘንባል?»

አያት። ላጽናናት ቢል በቀለለው፤ ‹አዎ፣ ይዘንባል› ብሎ አንድ ጊዜ እንኳ ደስ ቢያሰኛት። ግን እሷን የሚያህል ሰው ፊት ቆሞ መዋሸት አልሆነለትም።

«አላውቅም» አላት። «መስመሩ ወደ ታች ነው። ወደፊትም ወደ ታች ይመስለኛል። መስመር ግን የብዙ ዓመት ነገር ነው፤ የአንዱን ዓመት ዕጣ አይናገርም። አንድ ዓመት ብቻውን ከመስመሩ በላይ ሊወጣ ይችላል።»

«ይችላል?»

«ይችላል። ወጥቶም ያውቃል።»

ሙሚና ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ለዚያ አንድ ዓመት ዱዓ አደርጋለሁ» አለች። ከዚያ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረበች፤ ቆመች። እጇን ዘረጋችለት። ጨበጣት። መዳፏ ሻክሯል፣ ሞቃት ነበር። «ላንተም አደርጋለሁ» አለችው፤ እጇን ቀድማ የለቀቀችው እሷ ናት።

ፍስሐ በየት እንደወጣ አላወቀም። እግሩ በጠባቡ መንገድ ወደ በርበሬ በረንዳ ወሰደው። ሴቶች ደረቁን በርበሬ ያበጥራሉ፤ አየሩ ቀይ አቧራ ሆኗል፤ ገዢውም ሻጩም፣ አላፊውም ተሸካሚውም በነጠላና በመሐረብ ዓይኑን ይጠርጋል። እዚያ መሐል ቆመ። እዚያ የሚያለቅስን ሰው ምን ሆንክ ብሎ የሚጠይቀው የለም። አለቀሰ፤ እንደ ሕፃን፣ ድምፅ አውጥቶ። አንዲት እናት በርበሬዋን እየዛቀች ቀና ብላ አየችውና «አይዞህ ልጄ፣ ያልለመደን ሰው በርበሬው እንዲህ ያደርገዋል» አለችው። ራሱን ነቀነቀላት።